ፒራሚድ ውስጥ የተቀረቀረው ማን ነበር

ሆሳዕና ገበያ አጠገብ ከነበሩት የጨርቃ ጨርቅ ሱቆች አንዱ የወልደኪዳን ነበር። በሩ ላይ የተጻፈው ስም የእሱ ይሁን እንጂ ከባንኮኒው ኋላ ቆማ አቡጀዲ የምትለካው፣ ከፎንቆና ከጃጁራ የሚመጣውን ደንበኛ በሐድይኛ የምታነጋግረው ታላቅ እህቱ ትርፊት ነበረች። እናታቸው ስትሞት ወልደኪዳን ገና ጡት አልጣለም። አባታቸው ለንግድ ከጉራጌ አገር ወደ ሆሳዕና ሲመጣ ሕፃኑን በጀርባዋ አዝላ የመጣችው እሷ ናት። በኋላ አግብታ፣ ባሏ ሞቶባት፣ ልጅ ሳታገኝ ወደ ወንድሟ ቤት ተመለሰች። ስለዚህ ወልደኪዳን ወንድሟም ልጇም ነበር። እሷ ግን ብዙ ጊዜ «ፍዳዬ» ትለዋለች።

ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ለጋስ ነው፣ ሥራም አይፈራም። ጠባዩ ነገር ማግነን ነው። ሆመቾ ደርሶ ሲመለስ ጅማ ደርሶ የመጣ ያስመስላል። መንገድ ላይ ጅብ ካየ ጠጅ ቤት ገብቶ ሲያወራው ጅቡ አንበሳ ይሆናል፤ ሁለተኛው ብርሌ ላይ ደግሞ አንበሳው ግልገሎቹን ይዞ ይመጣል። ትርፊት ይህን ስትሰማ ኖራ ጆሮዋ ደንድኗል።

አንድ ክረምት ወልደኪዳንን ተስቦ ያዘውና ሰው ሁሉ ተስፋ ቆረጠ። ትርፊት «እሱን ብታተርፍልኝ ኢየሩሳሌም ሄጄ እሳለማለሁ» ብላ ተሳለች። ዳነ። ስእለቱ ግን ቤት ሲሠራ፣ ሱቅ ሲሰፋ፣ የዘመድ ሠርግ ሲደገስ ዓመት እየተሻገረ ቆየ። በ፲፱፻፶፮ ዓ.ም. ዐቢይ ጾም ሲገባ ትርፊት «ዘንድሮ ካልሄድኩ አልሄድም» አለች። ወልደኪዳንም «የተሳልሽው ለእኔ ነፍስ ነው፤ አብሬሽ እሄዳለሁ» አለና ደስ አሰኛት።

ደስታዋ የቆየው አውሮፕላኑ ካይሮ ላይ አንድ ሙሉ ቀን እንደሚያስውላቸው ወንድሟ እስኪሰማ ድረስ ነው። ከዚያ ወዲያ ኢየሩሳሌም የሚባል ስም ካፉ ጠፋ። ማታ ማታ ጠጅ ቤት፣ ቀን ቀን ሱቅ ውስጥ፣ ወሬው የፈርዖን መቃብር ብቻ ሆነ።

«ከሆሳዕና ተነሥቶ ፒራሚድ ሆድ ውስጥ የገባ ሰው የለም። የመጀመሪያው እኔ ነኝ» ይላል።

«የሞተ ሰው ቤት መግባት ምኑ ያኮራል?» ትለዋለች።

«አንቺ አይገባሽም፣ እትዬ።»

ካይሮ የደረሱት በምሽት ነው። ጠዋት ወልደኪዳን አዲስ አበባ የገዛውን ግራጫ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ጥቁር መነጽር አድርጎ፣ ባርኔጣውን ደፍቶ ወረደ። ለእነሱ ብቻ የተቀጠረው አስጎብኚ መኪና ይዞ ከሆቴሉ በር ቆሟል። ስሙ ሐቢብ ነው፤ የግብፅ ክርስቲያን። አባቱ አዲስ አበባ አስተማሪ ስለነበር ልጅነቱን እዚያ አሳልፏል፣ አማርኛም ይችላል። ችግሩ ሴቱን እንደ ወንድ፣ ወንዱን እንደ ሴት ማናገሩ ነው።

«እንደምን አደርክ፣ እማማ» አላት ትርፊትን። ወደ ወልደኪዳን ዞሮ ደግሞ «አንቺም ደህና ነሽ፣ ጌታዬ? ከየት አገር መጣችሁ?» አለ።

«ከሆሳዕና» አለ ወልደኪዳን።

«ሆሳዕና በዓል ነው።»

«በዓልም ነው፣ አገርም ነው።»

«ግን በዓሉ ገና ነው» አለ ሐቢብ፣ እያዘነላቸው።

ትርፊት መኪናው ውስጥ ሳትገባ ደከማት። «ስማ ልጄ» አለችው፤ «እመቤታችን ልጇን ይዛ ከሄሮድስ ስትሸሽ ያረፈችበት ዋሻ እዚህ ከተማ አለ ይላሉ። መጀመሪያ እዚያ ውሰደኝ።»

«አለ። ቤተ ክርስቲያኑ ከዋሻው በላይ ነው። መንገዳችን ላይ ነው፣ መጨረሻ እንሄዳለን።»

«መንገዳችን ላይ ከሆነ ለምን መጨረሻ?»

«ፕሮግራም ነው» አለ ሐቢብ። ወልደኪዳንም «ፕሮግራም ነው እኮ፣ እትዬ» ብሎ በሩን ከፈተላት።

በመጀመሪያ የሄዱት ሙዚየም ነው። ሐቢብ ከድንጋይ ወደ ድንጋይ እየወሰደ የነገሥታት ስም ይደረድራል፤ ወልደኪዳን ሁሉንም እንደሚያውቅ ራሱን ይነቀንቃል፤ ትርፊት አዲሱ ጫማዋ ተረከዟን እየላጣት ከኋላ ትጎተታለች። በመጨረሻ የደረቁ ሬሳዎች በመስታወት ሣጥን ወደተጋደሙበት ክፍል አስገቧት። ጥርሱ የገጠጠ፣ ፀጉሩ ያልረገፈ አንድ ሽማግሌ ከፊቷ ተጋድሟል። አማተበች።

«ይሄ ትልቅ ፈርዖን ናት» አለ ሐቢብ። «የሙሴ ጊዜ የነበረችው እሷ ናት የሚሉ ሰዎች አሉ።»

«የሙሴው ፈርዖን ባሕር ውስጥ ሰጥሟል» አለች ትርፊት።

«አዎ።»

«ከሰጠመ እዚህ ምን ይሠራል?»

ሐቢብ ወደ ወልደኪዳን ተመለከተ። ወልደኪዳን መነጽሩን አወለቀና «አውጥተውት ይሆናላ» አለ።

«ማን ገብቶ? ሠራዊቱ በሙሉ አልቋል።» ለእሷ ከሁሉ የባሰው ግን ሌላ ነበር። «የማንም ይሁን፣ ሰው ሆኖ ተፈጥሮ እንዴት አፈር ይነፈጋል? ቅበሩት እንጂ።» ክፍሉን ለቃ ወጣች። ከበሩ ውጪ ቆማ ስትጠብቃቸው ፀሐዩ አናት ላይ ወጣ።

ቀጥሎ ቤተ ክርስቲያኑ መስሏት ነበር። መኪናው የቆመው የሐቢብ አጎት ሽቶ መሸጫ በር ላይ ነው። አጎትየው ጠርሙስ በጠርሙስ እየከፈተ የሁለቱንም ክንድ እስከ ክርን ቀባባ። ሽቶው ፈርዖን የሚቀባው እንደሆነ ሲነገረው ወልደኪዳን አንገቱ ረጅም የሆነ ሰማያዊ ጠርሙስ ገዛ። ትርፊት በንግድ ያረጀች ናትና ዘዴው አልጠፋትም፤ እሷም ብትሆን ገበሬውን አቡጀዲ ልትሸጥለት ስትፈልግ የባላባቱ ሚስት የገዛችው ነው ትላለች። የጾም ሆዷ ባዶ ነው፣ የሽቶው ሽታ ደግሞ አዞራት።

ፒራሚዱ ጋ ሲደርሱ ወልደኪዳን መጀመሪያ ግመል ላይ ወጥቶ ፎቶግራፍ ተነሣ። ግመሏ ስትነሣ ባርኔጣው ወደቀ፤ ስለዚህ እንደገና ወርዶ፣ እንደገና ወጥቶ፣ እንደገና ተነሣ። ከዚያ መግቢያው ወዳለበት ሄዱ። ከድንጋዩ ጎን የተከፈተ እንደ ቀበሮ ጉድጓድ ያለ ቀዳዳ ነው። ፈረንጆች እያጎነበሱ ይገባሉ።

«ነይ እንግባ፣ እትዬ።»

«አንተ ግባ። እኔ የምገባበት ዋሻ ሌላ ነው።»

ወልደኪዳን ኮቱን ቆለፈና ገባ። እሷ ጥላ ፈልጋ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፣ ጫማዋን አወለቀች፣ ውዳሴ ማርያም በቃሏ ጀመረች። ደገመች፣ ጨረሰች። የገቡት ፈረንጆች አልወጡም። ሌሎች መጥተው ከመግቢያው ፊት ተሰለፉ። ጥቂት ቆይቶ ሐቢብ ላብ በላብ ሆኖ ከውስጥ ብቅ አለ።

«እማማ፣ ተነሥ። ወንድምህ እምቢ አለች።»

«ምን አለ?»

«ቁጭ አለች። ወደ ላይ አትሄድም፣ ወደ ታች አትመጣም። መንገዱን ዘጋች። ብነግራት አትሰማም።»

ትርፊት ዓይኗን ጨፈነች። ከጠዋት ጀምሮ የዋጠችው ሁሉ፣ ሬሳው፣ ሽቶው፣ ግመሉ፣ ጉሮሮዋ ላይ መጣ። ጫማዋን ለሐቢብ አስታቅፋ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ባዶ እግሯን ገባች።

ውስጡ እንደ ተዘጋ ጎተራ ያፍናል። ከላይ ድንጋይ፣ ከግራ ከቀኝ ድንጋይ፤ መሐሉ ላይ እግር እንዳይንሸራተት ብረት የተመታበት ጣውላ ሽቅብ ይሄዳል። አምፖል አልፎ አልፎ ይበራል። ጎንበስ ብላ፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፉትን ፈረንጆች እየታከከች ወጣች። መተላለፊያው እጅግ በሚጠብበት ስፍራ ወልደኪዳን በቂጡ ተቀምጧል። ባርኔጣ የለ፣ መነጽር የለ። የእንጨቱን መደገፊያ በሁለት እጁ አንቆ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይንቀጠቀጣል። ከበላዩ ወርደው መውጣት ያቃታቸው ሰዎች በማያውቁት ቋንቋ ያጉረመርማሉ።

«ወልዴ።»

«እትዬ፣ ድንጋዩ እየወረደ ነው።»

«ድንጋዩ ከሙሴ በፊት ጀምሮ እንደቆመ ነው። ዛሬ አንተን ብሎ አይወርድም። ተነሥ።»

«እግሬ የለም። እግሬ አይሰማኝም።»

ልትጮህበት አፏን ከፈተች። የምትለው ተዘጋጅቶ ነበር፤ ከሆሳዕና ጀምሮ ያጠራቀመችው ነው። አምፖሉ ፊቱ ላይ ሲያርፍ ግን ከንፈሩ ደርቆ፣ ግንባሩ ረስርሶ፣ ያኔ በተስቦ ተኝቶ ያየችው ፊት መሰላት። ቁጣዋ አልበረደም፤ የት እንደምታደርሰው ግን ጠፋት። አማርኛውን ትታ በጉራጊኛ ጀመረች፤ ልጅ ሳለ ወንዝ ሲያሻግሩት የምታወራለትን ዓይነት ወሬ፣ ስለ ጥጃ፣ ስለ እንሰት፣ ስለ አክስታቸው ኩርፊያ። እያወራች የነጠላዋን ጫፍ ፈትታ መዳፉ ውስጥ ከተተች።

«ይህን ያዝ። እኔ ከፊትህ እወርዳለሁ፤ አንተ ተቀምጠህ ተንሸራተት። ጀርባዬን እንጂ ሌላ አትይ።»

እንደዚያው ወረዱ። እሷ አንድ ርምጃ ስትወርድ እሱ በቂጡ ይከተላል፤ ኮቱ ጣውላው ላይ ይፈገፈጋል። ፀሐዩ ላይ ሲወጡ አሸዋው ላይ ተዘረረ። ሐቢብ ውሃ አጠጣው። ትርፊትም አጠገቡ ተቀምጣ በነጠላዋ ጫፍ ግንባሩን ጠረገችለት።

ትንሽ ነፍስ ሲዘራ ተነሣና አቧራውን አራገፈ። «አየር የለውም» አለ ለሐቢብ። «እግዜር ያሳይህ፣ አየር በሌለበት ሰው ያስገባሉ?» ከዚያ ፎቶግራፍ አንሺውን ጠርቶ ከመግቢያው የወጣ አስመስሎ ቆመና ተነሣ። ትርፊት በዚያ ሰዓት በጫማዋ ልትለው ፈልጋ ነበር፤ ጫማውን ሐቢብ ይዞት ነው የተረፈው።

ቤተ ክርስቲያኑ ጋ የደረሱት ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ዘበኛው እያጉረመረመ ከፈተላቸው። በመቅደሱ አጠገብ ወደ ዋሻው የሚወርድ ጠባብ ደረጃ አለ። ትርፊት ጫማዋን አውልቃ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ደረጃው አፍ ላይ ደረሰች። ታች ሻማው የሚያበራው ውሃ ነው። ዋሻው እስከ ወገብ በውሃ ተሞልቷል።

«ውሃ ገባች» አለ ሐቢብ በሐዘን። «ከመሬት ሥር የምትመጣ የዓባይ ውሃ ናት። አንዳንዴ ትገባለች።»

«ጠዋት ታውቅ ነበር?»

ሐቢብ ጫማውን ተመለከተ።

ትርፊት ጀርባዋን ሰጠችው። ደረጃውን ውሃው እስከሚነካበት ድረስ ወረደች፣ ተንበረከከች፣ ፊቷን ታጠበች፣ ጠጣች። ዘበኛው ከላይ አይጠጣም እያለ ሲጮህ አልሰማሁም አለች። ከዚያ ቀና ብላ «ወልዴ፣ ያን ጠርሙስ አምጣው» አለችው።

«የቱን?»

«የፈርዖንን ሽቶ።»

ወልደኪዳን ሌላ ቀን ቢሆን ይከራከር ነበር። ከኪሱ አውጥቶ ሰጣት። ወደ ግቢው ወጥታ ሽቶውን እስከ ጠብታው ፈሳሽ መውረጃው ላይ ደፋችው። ሐቢብ «እማማ፣ የአጎቴ ሽቶ» አለ እንደ ቁስለኛ። ተመልሳ ወርዳ ውሃውን ሞላችበት።

በማግሥቱ ኢየሩሳሌም ገቡ። ሕማማቱን ስትሰግድ ሰነበተች፣ ፋሲካን አከበረች፣ ስእለቷን አደረሰች። ስለዚያ ስትጠየቅ «ደረስኩ፣ ተመስገን» ከማለት በቀር ብዙ አትናገርም ነበር። የካይሮዋን ውሃ ግን ለታመመ ጎረቤት ትረጭ ነበር፤ የተረጨው ሰው ሁሉ የሙሽራ ሽታ ይሸታል።

ወልደኪዳን ወሬውን የጀመረው ገና ከመኪና ሲወርድ ነው። በመጀመሪያ ፒራሚድ ውስጥ አንዲት ወፍራም ፈረንጅ ተቀርቅራ እሱ አወጣት። ትርፊት ሰምታ አለፈች። ሐምሌ ላይ ፈረንጅዋ ጠቆረች። ለመስቀል ነጠላ ለበሰች። ከዚያ አንድ የገበያ ቀን ከሆመቾ የመጣች ደንበኛ ጨርቅ እያስለካች «እትዬ ትርፊት፣ እውነት ድንጋይ ውስጥ ተቀርቅረው ወንድምዎ ነው ጎትቶ ያወጣዎት?» ብላ ጠየቀቻት። የትርፊት መቀስ ጨርቁ መሐል ላይ ቆመ።

ማታ ሱቁ ሲዘጋ በሩ ላይ ጠበቀችው።

«ወልዴ፣ ፒራሚድ ውስጥ የተቀረቀረው ማን ነው?»

ቀና ብሎ አያት። ዓይኑ ውስጥ ተንኮል አልነበረም፤ ሃፍረትም አልነበረም። እሷ ያሳደገችው ነውና ሲዋሽ ታውቀዋለች፤ አልዋሸም።

«አንቺ ነሻ፣ እትዬ። ነጠላሽን ይዤ ነው እኮ ያወረድኩሽ። ረሳሽው እንዴ?»

ትርፊት ብዙ ነገር ልትል ትችል ነበር። ፎቶግራፉ አለ፣ የተፈገፈገው ኮት አለ። ግን ምን ልታደርግበት? ያን ጊዜ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር፤ ያየው ነገር ቢኖር የእሷን ጀርባ ነው፣ የነካውም ነጠላዋን ብቻ ነው።

«ነጠላውን የያዝከው አንተ ነህ?» አለችው።

«እኔ ነኛ።»

«እሱስ እውነት ነው» አለችና ቁልፉን ከእጁ ተቀብላ በሩን ቆለፈች።

ከዚያ ወዲያ ሰው ስለ ፒራሚድ ሲጠይቃት አቡጀዲውን ባንኮኒው ላይ ትዘረጋና «ጨርቅ ነው የፈለግኸው ወይስ ወሬ? ወሬው ማታ ጠጅ ቤት አለልህ» ትላለች።