የአባቴ ስለት በቁንዱዶ ራስ ላይ

ሰሞኑን ፈላና በር ድንች ልገዛ ወጥቼ፣ የመብራት ምሰሶ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ዓይኔን ያዘው። «ቁንዱዶን ከአስጎብኚ ጋር ይውጡ! የዱር ፈረሶች፣ ቅዱሳን ስፍራዎች፣ ንጹሕ አየር» ይላል። መነጽሬን ከፍ ዝቅ እያደረግኩ ሳነብ ድንች ሻጯ ፋጡማ አየችኝና፣ «አቦ፣ ልትወጪ ነው እንዴ? በዚህ ጉልበት?» ብላ ሳቀችብኝ። ሐረር ላይ «አንቺ» ለሁሉም ነው፤ አሮጊት ነኝ ብሎ መቀየም ትርፉ ድካም ነው።

«እኔ ወጥቼ የወረድኩት አንቺ ሳትወለጂ ነው» አልኳት።

«ምን ልትሠሪ?»

ድንቼን ይዤ መንገዴን ጀመርኩ እንጂ አልመለስኩላትም። ድንች እስኪመዘን የሚያልቅ ወሬ አይደለማ። ቤት ገብቼ ግን አላስቀምጥ አለኝ። ድንቹን እየላጥኩ ያው ተራራ፣ ያው ብርድ፣ የአባቴም ፊት መጣብኝ።

አባቴ የስልክ መስመር ሠራተኛ ነበር። አያቶቹ ከሸዋ መጥተው ሐረር የከተሙ፣ እሱም ጾም የማይገድፍ፣ ቅዳሴ የማያስታጉል ሰው ነበር። አቦከር ሰፈር የነበረችው ቤታችን ግድግዳዋ በሥዕለ ማርያምና በሥዕለ ገብርኤል የተሞላ ነበር። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት የምጠብቅበት ዓመት ላይ ጉበቱን ታመመ። መስከረም ሲጠባ ሆዱ ተነፋ፣ እግሩ አበጠ፤ ሐኪሞቹም የጠየቅናቸውን ትተው ስለ አልጋ ልብስ ንጽሕና ያወሩን ጀመር። ያኔ ገባን።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እናቴንና እኔን አልጋው አጠገብ አስቀምጦ ሰምተን የማናውቀውን ነገረን። በወጣትነቱ፣ ገና ሳያገባ፣ ቁንዱዶ ጎን ላይ የስልክ እንጨት ሲያስተክሉ ወባ ጣለው። ጓደኞቹ ተሸክመው ተራራው ራስ ላይ ካለው የአንድ ሼኽ መቃብር ዘንድ አደረሱት፤ ከዚያ በቀር ሰው ያለበት ቤት ቅርብ አልነበረም። የቦታው ጠባቂዎች አስተኙት፣ አጠጡት፣ አለበሱት። እሱም በትኩሳቱ መሀል፣ «ከዚህ በእግሬ ከወረድኩ ለዚህ ደጅ ጃንጥላ አስገባለሁ» ብሎ ተሳለ። በእግሩ ወረደ። ከዚያም ዘንድሮ፣ ለከርሞ ሲል ትዳር መጣ፣ ልጅ መጣ፣ እርጅና መጣ።

«ጃንጥላ ለሼኽ?» አለች እናቴ፣ እጇን አፏ ላይ ጭና። «ወይ ጉዴ! ይሄን ሁሉ ዘመን በሆድህ ይዘህ አብረኸኝ ስትተኛ?»

«የማውቀው ስለት እሱ ነበራ» አለ። «ሌላ ምን ልሳል? እናቴ ለማርያም ስትሳል የማየው ጃንጥላ ነው።»

የነፍስ አባታችን ተጠርተው መጡ። ደግ ሰው ነበሩ፤ አልተቆጡም። «በትኩሳት የተነገረ ነው፣ እግዚአብሔር ይፍታህ። በምትኩ እዚሁ ለደብራችን አስገባ» አሉት። መስቀላቸውን ተሳልሞ ሸኛቸው። ሲወጡ ግን ወደኔ ዞሮ፣ «አባ ደግ ናቸው። ግን የተሳልኩት ለእሳቸው አይደለም» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል አልወርድ አለው። ሞት እንደመጣ ያውቃል፤ እሱን አልፈራም። የፈራው ያበላውንና ያለበሰውን ደጅ ከድቶ መሄድን ነው። አንጀቴን በላው።

እናቴ ለጥቂት ቀናት አኮረፈች። ከዚያ አንድ ጠዋት ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች፤ የቤተ ክርስቲያን ጃንጥላ ወደሚሰፋው ባለሙያ ሄዳ ቀይ ከፋይ፣ ዙሪያው በወርቃማ ዘርፍ የተሸለመ አዝዛ ተመለሰች። «ካስገቡ አይቀር እንደ ሰው ነው» አለች። ወንድሞቼ አንዱ ወታደር፣ አንዱ ድሬዳዋ ነበሩ። ልጅቱ ብቻዋን እንዴት ትሂድ የሚለው ሲያወዛግብ አባቴ፣ «ሙሜ ይወስዳታል» ብሎ ቆረጠው።

ጋሽ ሙሜ በኤረር በር በኩል ወተት እያስገባ ለሰፈራችን የሚሸጥ፣ ቤቱ ተራራው ሥር የሆነ፣ ወደ ሼኹ የሚሄዱ ሰዎችን እየመራ የሚያወጣ ሰው ነበር። ቀጭን፣ ለፍላፊ፣ ሽርጡን ከፍ አድርጎ አስሮ እንደ ፍየል የሚወጣ። በጭነት መኪና ጀርባ ላይ ማሽላ ከጫኑ ሴቶች ጋር ተዛዝለን መንገዱ እስኪያልቅ ሄድን። ከመስቀል በኋላ ስለነበር ሜዳው ቢጫ ነው፤ ማሽላው አንገቱን መድፋት ጀምሯል፤ ወፍ የሚያባርሩ ሰዎች ከማማቸው ላይ ይጮኻሉ። ጃንጥላው በነጭ አቡጀዴ ተጠቅልሎ ጭኔ ላይ ነበር። ሴቶቹ ሬሳ መስሏቸው ኖሮ «የማን ልጅ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ሙሜ እስኪያስረዳቸው ድረስ አልቅሰውልኝ ነበር ማለት ይቻላል።

ተራራው እግር ላይ አንዲት ትንሽ የማርያም ቤተ ክርስቲያን አለች። ሳልሳለም አላልፍም ብዬ ገባሁ። ቄሱ ሽማግሌ ናቸው፤ ጥቅሉን ሲያዩ ፊታቸው በራ። «ማርያም ናት የላከችሽ! የኛን አይጥ በልቶት፣ ለጥምቀት ምን እንዘርጋ ብለን ተጨንቀን» አሉ። እኔም ላሳያቸው ብዬ አቡጀዴውን ገለጥኩ። ሙሜ ከውጭ ሆኖ በበሩ እያየ ነበር።

«ያ ረቢ!» አለ። «ጭንቅላቱ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

ቀና ብዬ አየሁ። ጫፉ ላይ የሚያብለጨልጭ የናስ መስቀል ቆሟል። ክው አልኩ። እመኑኝ፣ እናቴ አይታዋለች፣ አባቴ ዳስሶታል፣ እኔም ጠቅልዬዋለሁ፤ ከሦስታችን አንዳችንም ልብ አላልንም። ለኛ ጃንጥላ ማለት መስቀል ያለው ነገር ነው፤ ባለሙያውም ለማን እንደሆነ አልተነገረውም። እንዲህ ያለ ስሕተት የኛ ቤት ሰው ብቻ ነው የሚሳሳተው።

የት እንደምወስደው ስነግራቸው የቄሱ ፊት ጠቆረ። ቆይተው ግን በቀስታ፣ «ልጄ፣ እዚህ ተይው። አባትሽ አስገቡ ይባልላቸዋል፤ ነፍሳቸውም ታርፋለች» አሉኝ። ሙሜ በበኩሉ ጎተት አደረገኝና፣ «ብሎኑን ፈትተን መስቀሉን ኪስሽ ክተቺው፤ ስትወርጂ ትመልሺዋለሽ» አለኝ።

«መስቀል ነቅዬ?»

«እሺ አትንቀዪ። እንዲሁ ይዘነው ከወጣን ግን ሰዎቹ ይቆጣሉ። እኔንም ዳግመኛ አያስገቡኝም፣ ወላሂ!»

አጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። እውነቱን ልናገር፣ እዚያው ልተወው ከጅዬ ነበር። ቄሱ ይደሰታሉ፣ ሙሜ ከጣጣ ይድናል፣ እኔም ከዳገቱ እገላገላለሁ። ግን አባቴን አውቀዋለሁ። ዓይኔን አይቶ ነው የሚጠይቀኝ፤ እኔ ደግሞ ለእሱ መዋሸት ተክኜበት አላውቅም። ተነሣሁና «እንውጣ» አልኩት። ሙሜ ሰማዩን አየ፣ ምራቁን ተፋ፣ መንገዱን መራ።

ዳገቱን ምን ብዬ ልንገራችሁ! በመጀመሪያ የድንች ማሳ ነው፣ ከዚያ ጥድ፣ ከዚያ ድንጋይ። ከፍ ባልን ቁጥር ትንፋሼ ጉሮሮዬ ላይ ይቆማል፤ ሙሜ ደግሞ ወሬውን አያቆምም። «ቀስ በይ፣ ተራራ በጥድፊያ አይወጣም። እግርሽን እይ እንጂ ራሱን አትይ» ይለኛል። ራሱ ላይ ስንደርስ ሜዳ ሆኖ አገኘሁት፤ ሣሩ እርጥብ፣ ጭጋጉ ወፍራም። ከጭጋጉ ውስጥ ጌታ የሌላቸው ፈረሶች ቀና ብለው አይተውን ሣራቸውን ቀጠሉ። ብርዱ አጥንት ይገባል። አባቴ እዚህ በትኩሳት ሲንቀጠቀጥ ታየኝ።

የሼኹ መቃብር በኖራ የተቀባች ክብ ቤት ናት። ጠባቂው ሼኽ ዩሱፍ ጢማቸው በሒና የቀላ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ስለት ያመጡ ጥቂት ሽማግሌዎች ጫታቸውን ይዘው አጠገባቸው ተቀምጠዋል። ከወሬ በፊት ቁቲ ቀረበ፤ ከቡና ቅጠል የሚፈላው መጠጥ ነው። ወተት ሊጨመርበት ሲል ሙሜ ቶሎ ብሎ፣ «ረቡዕ ነው፣ ጾመኛ ናት» አለ። በጨው ብቻ ሰጡኝ፣ ከማሽላ ቂጣ ጋር። ያን ያህል የጣፈጠኝ ነገር ትዝ አይለኝም።

ከዚያ ወዲያ ማምለጫ አልነበረም። የአባቴን ነገር ተናገርኩና አቡጀዴውን ፈታሁ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ መስቀሉን አይቶ፣ «አስተግፊሩላህ! ይሄ ከሼኹ ራስጌ ሊቆም ነው?» አለ። ሌላው፣ «ይነቀልና ይግባ» አለ። ሙሜ አንገቱን ደፋ። እኔ ተነሥቼ ልሮጥ ምንም አልቀረኝም።

ሼኽ ዩሱፍ ጃንጥላውን ተቀብለው ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት። «ያ የስልክ ሰውዬ ነው?» አሉኝ። «ቀይ፣ ረጅም?»

«አዎ፣ አባቴ ነው።»

«እናቴ ናት ያስታመመችው። ውሃ የማቀርበው እኔ ነበርኩ። በሕይወት አለ?»

«አለ። ግን ሊሞት ነው» አልኩና እንባዬ መጣ።

ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። «እናቴ ከኔ በፊት የወለደችው ሁሉ ሞተባት። ቁልቢ ገብርኤል ሄዳ ለመነች፤ እኔ ተወለድኩ። በጀርባዋ አዝላኝ፣ አንድ ጊደር እየነዳች ስለቷን አስገባች። በሩ ላይ ‹የማን ነሽ፣ ምን ብለሽ ነው የምትሰግጂው› ያላት የለም። ቁልቢ የእናቴን ስለት መልሶ ቢሆን እኔም የዚህችን ልጅ ስለት እመልስ ነበር። አልመለሰም።»

«መስቀሉስ?» አለ ያ የመጀመሪያው ሽማግሌ።

«ሰው ስለቱን እንደተሳለ ነው የሚያስገባው። አይነቀልም።» ከትከሻቸው ነጩን ጨርቅ አወረዱና የጃንጥላውን ጫፍ ሸፈኑት፤ በክርም አሰሩት። «ለመጣው ሁሉ ክርክር እንዳይሆን እንዲህ ይቆማል። ከሥሩ እንዳለ ነው።» ከዚያ እጃቸውን ዘረጉና ለአባቴ ዱዓ አደረጉ፤ ሽማግሌዎቹም አሚን አሉ። ያ የተቃወመው ሰውዬ ድምፁ ከሁሉም ይበልጥ ነበር።

ስወርድ ማርያም ዘንድ ቆሜ የሆነውን ለቄሱ ነገርኳቸው። «ያባትሽን ክርስትና ስም ንገሪኝ» አሉ። በጸሎት እንዲያስቡት ነው።

ቤት ስደርስ አባቴ ዓይኑን በሩ ላይ ተክሎ ነበር። እናቴ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ «እህ?» አለች። እሱ ግን ስለ ጃንጥላው አልጠየቀም።

«ተቀበሉኝ?» አለ።

«ተቀበሉህ አባዬ። ውሃ ያቀርብልህ የነበረው ልጅ ያውቅሃል፤ ቀይ፣ ረጅም አለህ።» ሁሉንም አንድ በአንድ ነገርኩት። መስቀሉ ጋ ስደርስ እናቴ «የባሰ አታምጣ!» ብላ ደረቷን መታች፤ እሱ ግን ሳቀ፣ ሆዱን ይዞ እስኪያመው ሳቀ። ያን ቀን አጥሚት ጠጣ። በማግሥቱ የነፍስ አባታችንን አስጠርቶ ቆረበ። ኅዳር ሳይወጣ፣ እጄን ይዞ፣ ሳይጨነቅ ሄደ።

አሁን ድንቹ ተልጦ አልቋል፣ ውሃው ፈልቷል፣ እኔ ግን እንደተቀመጥኩ ነኝ። ዘመኑ ክፉ ወሬ የበዛበት ነው፤ ማን የማን እንደሆነ፣ ማን ከየት እንደመጣ በየቀኑ ይነገረናል። እኔም አንዳንዴ ይከፋኛል፤ አያት ቅድመ አያቴ በተቀበሩበት ከተማ «ከየት ናችሁ?» ስባል ደሜ ይፈላል። እንዲህ ሲሆንብኝ አባቴ ይናፍቀኛል። ያ ጾመኛ ሰው ሊሞት ሲል የጠየቀው የሠራውን ወይም ያፈራውን አልነበረም። ሁለት ደጅ ነበረው፤ በሁለቱም እንግዳ ሆኖ መቅረትን ነበር የፈራው። እኔም ወደ ሞቱ እየተጠጋሁ ስለሆነ ፍርሃቱ ይገባኛል። ነገ ፋጡማ ዘንድ ሄጄ የጠየቀችኝን እመልስላታለሁ፤ ሥራ ካልያዛት ቁጭ ብላ ትስማኝ።