ማሽኖቹ ሲቆሙ የሚሰማው

ልብስ ሰፊዋን ከሆስፒታል በወጣች ሰሞን ከሁሉ ያስገረማት የደረቷ ስፌት ነበር። መስታወት ፊት ቆማ ሸሚዟን ገለጥ አድርጋ ታየዋለች። ከአንገቷ ሥር ቁልቁል ቀጥ ብሎ ወርዷል፤ አንድም ቦታ አልተጣመመም፣ አልተሸበሸበም። መርፌ እንጀራዋ ነውና ጥሩ እጅ ስታይ ታውቃለች። "ይኼን የሰፋ ሰው ሱቅ ቢከፍት እኛ ጦማችንን ማደራችን ነው" አለችው ባሏን።

ከስፌቱ ሥር ያለውን ስታስብ ግን ቀልዱ ይጠፋባታል። ልቧ ቆሞ ነበር። ሐኪሙ እንደነገራት፣ ልቧን አስተኝተው፣ ደሟን በማሽን እያዘዋወሩ፣ የተበላሸውን የልብ በር አውጥተው ሰው ሠራሽ ተኩበት፤ ከዚያ መልሰው ቀሰቀሱት። ታዲያ እሷ በዚያ ሰዓት የት ነበረች? ባሏን ብትጠይቀው "እኔማ ኮሪደር ላይ ነበርኩ፣ የአንቺን እንጃ" ብሎ አሳቃት። ሳቁ ደረቷን ቢያሳምማት ትራስ አቅፋ ቁጭ አለች።

ትራስ ማቀፍ ተፈቅዷል፤ ልጅ ማንሳት ግን ክልክል ነው። የተከፈተው የደረት አጥንት በሽቦ ታስሮ እስኪገጥም ድረስ ከባድ ነገር እንዳትነካ ተነግሯታል። ልጇ ደግሞ ድንቡሼ የሚሏት በከንቱ አይደለም። ገና ወፌ ቆመች ከተባለላት ጥቂት ወሯ ነው፤ እጇን ዘርግታ እየተንደረደረች መጥታ እናቷ ደረት ላይ መለጠፍ ትፈልጋለች። ልታግዝ የመጣችው የልጅቷ አክስት ዘዴ ፈጠረች። "እማዬ ጋ ስንሄድ እጅ ወደ ኋላ" እያለች ጨዋታ አስመስላ አስተማረቻት። ድንቡሼም ለመደችው። እየሮጠች ትመጣና እናቷ ጋ ስትደርስ ቀጥ ብላ ትቆማለች፤ ሁለት እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ጉንጯን ብቻ ታቀርባለች። ቤተሰቡ ሳቀ፤ እናትየውም አብራ ሳቀች።

ወራት አለፉ። በፊት እስከ መስኮቱ ሄዳ የምታለከልክ ሴት እስከ በሩ፣ ከዚያ ደረጃውን እስከ ታች ወረደች፤ በኋላም ወደ ሥራዋ ተመለሰች። አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ የልብስ ስፌት ቤቱ ማሽኖች ሁሉ ጸጥ ሲሉ፣ ጋሽ መቀስ የሚሉት ሽማግሌው ጨርቅ ቆራጭ ጆሮውን አቀና። ጠ፣ ጠ፣ ጠ ይላል።

"የማናችሁ ማሽን ነው መብራት ጠፍቶም የሚሠራው?"

"የኔ ነው ጋሼ" አለች፣ ደረቷን እየነካች።

አዲሱ የልብ በር ነበር። የሳቀ ሰው አልነበረም። ሽማግሌው ኮፍያውን አውልቆ ማሽኖቹ እስኪነሱ ድረስ አዳመጠ።

በመጨረሻ ሐኪሙ አጥንትሽ ገጥሟል፣ ልጅሽን አንሺ አላት። ቤቷ የደረሰችው እየበረረች ነው። በርከክ ብላ እጇን ዘረጋች። ድንቡሼ ሮጣ መጣች፤ ቆመች፤ እጇን ወደ ኋላ አጣመረች። አሁን ድኛለሁ ብትላት "እማ ቁስል" ብላ አክስቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። በማግስቱም ያው። በግድ ብታነሳት እንደ እንጨት ደረቀችባት። ያኔ ሴትዮዋን ፍርሃት ያዛት። ልቧን እንኳ መልሰው ቀስቅሰውታል፤ ይኼኛው፣ የልጇ ፍቅር፣ ቢተኛ ማን ይቀሰቅሰዋል? ጋሽ መቀስን "ልጄ እንደ እንግዳ ነው የምትስመኝ" አለችው። እሱም ጨርቁን አጣጠፈ።

ዓመቱ ሊሞላ ሲል አክስትየው ወደ ቤቷ ሄደች፤ ልጅ የሚጠብቅ ጠፋና ድንቡሼ ስፌት ቤት ዋለች። ጠዋቱን ሙሉ ከጨርቅ ክምር ላይ ተቀምጣ ደንበኞች ልካቸውን ሲለኩ አየች። አንዱ ወፍራም ሰውዬ እጁን ሲዘረጋ በሩን የዘጋው መስሏት በሳቅ ፈነዳች። ለምሳ ማሽኖቹ ሲቆሙ እናትየው ከተራረፈ ጨርቅ ቀሚስ ልትሰፋላት አሰበችና መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ አቆመቻት። ልጅቷ እጇን ወደ ኋላ አጣመረች። እናትየው ሜትሩን ከአንገቷ ስታወርድ፣ ለማንም ደንበኛ እንደምትለው፣ ሳታስበው፣

"እጅሽን ዘርጊ" አለቻት።

ዘረጋች። ልክ እንደ ወፍራሙ ሰውዬ፣ ሆዷን ነፍታ።

እናትየው ሜትሩን በጀርባዋ ልታዞር ጎንበስ ስትል ፊቷ ከልጇ ፊት ገጠመ፤ እዚያው ደርቃ ቀረች። የልጅቷ እጆች አየር ላይ ናቸው፤ የሚያርፉበት የጠፋቸው ይመስላሉ። ቀስ ብለው ወረዱና አንገቷ ላይ አረፉ። እናትየው አነሳቻት። ከበደቻት፤ የዓመቱን እድገት በአንድ ጊዜ ተሸከመችው፤ ደረቷም ቻለ።

ድንቡሼ ጆሮዋን ለጠፈች።

"እማ፣ ምንድን ነው?"

"ልቤ ነው።"

"ይሠራል" አለች ልጅቷ፣ በሹክሹክታ።

ጋሽ መቀስ ጠመኔውን ይዞ ደረት ስንት ልጻፍ ብሎ ጠየቀ። ሜትሩ መሬት ወድቋል።

"ቆይ ጋሼ" አለች፣ "አላየሁትም።"