ጉም ውስጥ ያናገሩኝ አማቼ

ይህ የሆነው ካቻምና በኅዳር ወር ነው። ከዚያ ወዲህ የመንዙን ደጋ ሜዳ ጓሳን ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ያን ቀን ግን አብዛኛውን ያቋረጥኩት ምንም ሳላይ ነው፤ ዛሬም ድረስ ከአእምሮዬ አልጠፋም።

ተወልጄ ያደግሁት ሐዋሳ ነው። ባለቤቴ ብርሃኑ የመንዝ ልጅ ነው። የተዋወቅነው ደብረ ብርሃን ሥራ ይዤ ስመጣ ነው። ከተጋባን በኋላ በዓል በመጣ ቁጥር ሞላሌ አጠገብ ወዳለው አባቱ ቤት እንሄዳለን። እናቱን አልደረስኩባቸውም፤ ከሠርጋችን በፊት ዐርፈዋል።

አባቱን አባባ እላቸዋለሁ። ረጅም ሰው ናቸው፤ ጋቢያቸውን አጣፍተው ሲመጡ ከሩቅ ይታወቃሉ። ግን አያወሩም። ስገባ "ደኅና ነሽ?" ስወጣ "በሰላም ግቢ" ይሉኛል፤ በመካከሉ ዝምታ ነው። ያቀረብኩትን ይበላሉ፣ ይመርቁኛል፣ ተነስተው ወደ በጎቻቸው ይሄዳሉ። ብርሃኑ "ጠባዩ ነው፣ አትጨነቂ" ይለኛል። እኔ ግን የሩቅ አገር ሰው በመሆኔ ያልወደዱኝ ይመስለኝ ነበር። ይህንን ለማንም አልተናገርኩትም።

ያን ሰሞን ከጓሳ ማዶ የሚኖሩት የአባባ ታላቅ እህት ታመሙ ተባለ። ብርሃኑ ስብሰባ ይዞት በማግስቱ ሊደርስብን ተስማማንና እኔና አባባ ቀድመን ተነሳን። ከመሐል ሜዳ ከተማ በሚኒባስ ተሳፍረን መንገድ ዳር ወረድን። ከዚያ በኋላ ያለው የእግር መንገድ ነው። እኔ ለታማሚዋ የጋገርኩትን ድፎ ዳቦ በነጠላ ቋጥሬ አዘልኩ፤ እሳቸው ዱላቸውን ይዘው ከፊት ሆኑ።

መጀመሪያ ላይ ፀሐይ ነበር። ጓሳ ሣሩ እስከ ጉልበት ይደርሳል፤ ነፋስ ሲመታው እንደ ውሃ ይተኛና ይነሳል። ጅብራ የሚባሉት ረጃጅም ተክሎች እዚህም እዚያም ቆመው ሰው ይመስላሉ። ጭላዳ ዝንጀሮዎች መንጋ ሆነው ሣር እየነጩ ይበላሉ፤ ባጠገባቸው ስናልፍ ቀና ብለው አይተውን ወደ ሥራቸው ተመለሱ። በጣም አስደስቶኝ "አባባ፣ እንዴት ያምራል!" አልኳቸው።

"ያምራል" አሉ። ዱላቸውን እየተከሉ ቀጠሉ።

ትንሽ እንደሄድን ከቆላው በኩል ጉም ተነሳ። ገደሉን ይዞ እንደ ጭስ ሲወጣ አየሁት፤ ሩቅ ነው ስል ደረሰብን። ጅብራዎቹ ጠፉ፣ ሣሩ ጠፋ፣ ቀጥሎ የራሴ እግር ጠፋኝ። ቅዝቃዜው አጥንቴ ውስጥ ገባ። እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቴ አላየሁም።

"አባባ!"

"አለሁ። ካለሽበት አትነቃነቂ።" ድምፃቸው ከቅርብ መጣ፤ እሳቸው ግን አይታዩኝም። "ጉሙ እስኪነሳ ተቀምጠን እንጠብቅ እንዳልል፣ እስከ ማታም ላይነሳ ይችላል። ቁሩ ይገድለናል። ቀስ እያልን እንሂድ።"

"ጋቢዎን ልያዝ?"

"ተይ። ተያይዘን ከሄድን አንዳችን ብንወድቅ ሁለታችንም እንወድቃለን። እኔ ፊት ፊት እየሄድኩ መሬቱን በዱላ እዳብሳለሁ። አንቺ ድምፄን ተከትለሽ ነይ። ድምፄ ከሌለበት እግርሽን አታንሺ።"

እንግዲህ እኚያ ዝምተኛ ሰው ማውራት ግድ ሆነባቸው።

መጀመሪያ ምን እንደሚሉ ጠፋቸው። "ነይ... ነይ... በዚህ ነይ..." ይላሉ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ስለ ጓሳ ጀመሩ። ድሮ ሁለት አባቶች ፈረስ ጋልበው ይህንን አገር ተካፈሉት ይባላል አሉኝ። ጓሳው ለዓመታት ተዘግቶ ይቆይና ሣሩ ሲደርስ አባ ቄራ የሚባለው የሕዝብ ሹም ተማክሮ ይከፍተዋል። ተዘግቶ ሳለ ሰርቆ ያጨደ ሰው፣ በዚያ ሣር የከደነው ቤት ይቃጠልበት እንደነበር አባታቸው ነግረዋቸዋል።

"ጨካኝ ሕግ ነው" አልኩ፣ መኖሬን እንዲያውቁ ያህል።

"ጨካኝ ነው። ግን ይኸው ሣሩ አለ" አሉ። "በዚህ ነይ። ድንጋይ አለ፣ ቀኝሽን ትተሽ በግራ እለፊ።"

በግራ አለፍኩ። እሳቸውም ቀጠሉ።

"ጓሳ የሚከፈት ቀን እንደ በዓል ነበር። አገሩ ሁሉ ማጭዱን ይዞ ይወጣል። እኔ ያኔ ጎረምሳ ነኝ። አንዲት ልጅ ከጎኔ ስታጭድ ማጭዷ ሣሩ ውስጥ ጠፋባት። ብትፈልግ ብትፈልግ የለም። ሰው ሣሩን እየጨረሰባት ነው፤ አለቀሰች። የኔን ማጭድ ሰጠኋት።"

"እርስዎስ?"

"እኔማ በእጄ ስነጭ ዋልኩ። ጓሳ ሣር እንደ ምላጭ ነው። መዳፌ ደም በደም ሆነ።" ትንሽ ሳቁ። ሲስቁ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያን ቀን ነው። "ማታ ማጭዴን ልትመልስ መጣች። እጄን አየችና ደነገጠች። የብርሃኑ እናት እሷ ናት።"

ድምፃቸውን ተከትዬ ተራመድኩ። እሳቸውም ማቆም አይችሉም፤ ካቆሙ እጠፋለሁ።

"እሷ ወሬ ትወድ ነበር" አሉ። "እንግዳ ሲመጣ የምታጫውተው እሷ ናት። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ራሴን ስነቀንቅ ነው የኖርኩት። እሷ ስትሄድ ወሬውም አብሮ ሄደ። ልጄ አንቺን ይዞ የመጣ ለት፣ ይቺን ልጅ ምን ብዬ ነው የማጫውታት ብዬ ሌሊቱን አልተኛሁም። ይኸው እስከ ዛሬም አላወቅሁም። እሷ ብትኖር ኖሮ በጣም ትወድሽ ነበር።"

እንባዬ ወረደ። ደግነቱ አይታይም። "እርስዎስ አባባ?" ብዬ ጠየቅኋቸው። ፊት ለፊት ብንተያይ ኖሮ አልጠይቃቸውም ነበር።

"እኔማ ካንቺ ወዲህ ቤቴ ሰው..." አሉና ድምፃቸው ተቋረጠ።

አንድ ነገር ዱብ ሲል ሰማሁ።

"አባባ! አባባ!"

መልስ የለም። ድምፄ ከሌለበት እግርሽን አታንሺ ብለውኛል። ተንበረከክሁና መሬቱን በእጄ እየዳበስኩ በአራት እግሬ ሄድኩ። ዳቦው ከጀርባዬ ወደ አንገቴ ወርዶ ሊያንቀኝ ነው። በመጨረሻ እጄ ጋቢ ነካ።

"እዚህ ነኝ፣ አይዞሽ" አሉ በቀጭን ድምፅ። እግራቸው ፍልፈል የቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ቁርጭምጭሚታቸውን ወለም ብሏቸዋል። ትንፋሽ አጥሯቸው ነው ያልመለሱልኝ። የነጠላዬን ጫፍ ቀድጄ እግራቸውን ጥብቅ አድርጌ አሰርኩት። ክንዳቸውን ትከሻዬ ላይ አድርጌ አነሳኋቸው።

"ከዚህ ወዲያ መሬቱ ሜዳ ነው፣ አያስፈራም" አሉ። "አሁን አንቺ አውሪ። እኔ ሕመሙን ልርሳ።"

አወራሁ! ስለ ሐዋሳ ሐይቅ፣ ሹፌር ስለሆነው አባቴ፣ ዓሣ ገበያው አጠገብ ቆመው ከሰው እጅ ትርፍራፊ ስለሚጠብቁት አባ ኮዳዎች ነገርኳቸው።

"አባ ኮዳ ምንድን ነው?"

"ወፍ ነው፤ ሲቆም የልጅ ቁመት ያህላል። ራሱ መላጣ፣ አንገቱ ላይ ኮሮጆ የተንጠለጠለበት።"

"ሂጂ! ዋሸሽ!"

"ማርያምን አባባ!"

"ልጅ የሚያህል መላጣ ወፍ!" እያነከሱ ሳቁ። ሕመማቸው በሳቁ ውስጥ ይሰማኝ ነበር፤ እሳቸው ግን "ሌላስ? ሌላስ?" ይሉኛል። እኔም ድምፄን ከፍ አድርጌ ቀጠልኩ።

ድንገት ከፊታችን የሴት ድምፅ "ጉም ውስጥ ሆና ስለ ወፍ የምታወራው ማናት?" አለን።

ከገበያ የምትመለስ ሴት ነበረች፤ በቅሎ ትስባለች። እሷንም ጉሙ አስፈርቷት ቆማ ሳለ ወሬዬን ሰምታ ወደ እኛ መጣች። አባባን ስታያቸው አወቀቻቸው። "እርስዎ ነዎት እንዴ? በሞትኩት!" ብላ ጭነቷን አውርዳ በቅሎዋ ላይ አስቀመጠቻቸው። ጭነቱን እኔና እሷ ተካፈልነው። የበቅሎዋ እግር መንገዱን ስለሚያውቅ እሱን ተከትለን ከእህታቸው ቤት ደረስን። ሴትየዋ ስሟን እንኳ ሳትነግረኝ "ልጆቼ ይጠብቁኛል" ብላ ሄደች። በሄደችበት ሁሉ እግዚአብሔር ይጠብቃት።

ታማሚዋ እህታቸው ወንድማቸው እያነከሱ ሲገቡ ቢያዩ "ጠያቂዬ ከኔ ብሶ መጣ!" ብለው ከአልጋቸው ተነሱ። ሁለቱም ዳኑ።

ዘንድሮ ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን፣ ሦስታችን ከዚያ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያው የእግር መንገድ ሄድን። ብርሃኑ ስልክ እያናገረ ወደ ኋላ ቀርቷል። የእግር መንገዱን ተከትዬ ስሄድ ድንገት ቆምኩ። ከመንገዱ በቀኝ በኩል፣ እጄን ብዘረጋ የምነካው ያህል ቅርብ ላይ መሬቱ ያልቃል። ታች ቆላው በሰማያዊ ጭጋግ ውስጥ ይታያል፤ አሞራ ከእግሬ በታች ይበራል።

"አባባ፣ ያን ቀን በዚህ ነው ያለፍነው?"

"በዚሁ ነው።"

"ገደሉ እዚህ እንዳለ ያውቁ ነበር?"

"እንዴት አላውቅም?"

"ታዲያ ምነው ሳይነግሩኝ?"

ዱላቸውን ተደግፈው ወደ ታች ተመለከቱ። "ብነግርሽ እግርሽ ይታሰር ነበር" አሉ። "ስለዚህ ስለ ብርሃኑ እናት ነገርኩሽ።"

ይህንን ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ፤ እኔም ከኋላቸው ተከተልኩ። እስከ እህታቸው ደጃፍ ድረስ ሁለታችንም አንድ ቃል አልተናገርንም። እኔም ወሬ አላማረኝም፤ ዝምታቸው ደልቶኝ ነበር።