የሚሌንካ ሦስት እንቁላሎች

ሉድሚላ የዝይ ላባውን ጫፍ ከቀለጠው ሰም ነከር እያደረገች በእንቁላሉ ወገብ ላይ የተኩላ ጥርስ ትደረድራለች። እነዚያ ትንንሽ ሦስት ማዕዘኖች ክፉን ያርቃሉ ይባላል። እንቁላሎቹ የክርስትና ልጇ የሚሌንካ ናቸው። ለፋሲካ ክርስትና እናት ሦስት እንቁላልና የተጎነጎነ ዳቦ ታዘጋጃለች፤ ልጅ ራሷ መጥታ ትወስዳለች እንጂ አይላክላትም። ዘንድሮ ግን መምጣቷ አጠራጥሯል።

ወንዶቹ ይሠሩበት የነበረው የድንጋይ ከሰል ማውጫ ከተዘጋ ወዲህ የመንደሩ ሴት ልጆች ለሥራ ወደ ከተማ ሄደው በዚያው ቀርተዋል። ወንዶቹ ከቢራቸውና ከብስጭታቸው ጋር ቀሩ፤ ባሏ ሜርቺንም «ስደተኛ ይውጣልን» ከሚለው ፓርቲ ገባ። በስብሰባቸው ቀሚስ የለበሰ አይታይም ነበር።

«ለምርጫው ፖስተር ፎቶ ተነሺልን፤ ሴቶቹ ይፈሩናል» አላት በጾሙ መግቢያ። «አንቺን ግን ማን ይፈራል? ዝንብ እንኳ እሽ አትዪም!»

«እኔ ፎቶ አልወድም።»

«እንቁላልሽን እየቀባሽ ነው የምትነሺው፣ ቀና አትበይ። አለቀ!»

እምቢ ማለት አታውቅበትም። ያገር ልብሷን ለብሳ፣ ሻሿን አስራ ፎቶውን ተነሳች። በሳምንቱ ፎቶዋ በየመብራቱ ምሰሶ ላይ ተሰቅሎ አየች። ከእጆቿ ሥር «አገራችን ለራሳችን ልጆች» ይላል።

የሚሌንካ አባት ሶርያዊ ነው።

እናቷ ቬሮኒካ፣ የሉድሚላ የእህት ልጅ፣ ስልክ ደወለች። «አክስቴ፣ ልጄ አየችሽ። ‹ክርስትና እናቴ!› ብላ አጨበጨበች። ጽሑፉን ያነበቡላት ጓደኞቿ ናቸው።»

«እኔ እነሱን አልመርጥም» አለች ሉድሚላ በሹክሹክታ፤ ሜርቺን በጓዳ ነበር።

«ለእኔ ምን ይሠራልኛል? ለእሱ ንገሪው። ፎቶው ይውረድ፣ ልጅቷ ትመጣለች።»

በፋሲካ ዋዜማ የመጨረሻውን እንቁላል ቀለም ነክራ፣ ሰሙን ጠርጋ፣ ካፖርቷን ደርባ ወንዶቹ ወደተሰበሰቡበት አዳራሽ ሄደች። ገና ከበሩ ሳቃቸው ተሰማት።

«ሜርቺን፣ ሚስትህ ከአንተ ትሻላለች! ዛሬ ሁለት ሴቶች ተመዘገቡ!»

ሜርቺን ዞር ሲል አያት። ፊቱ በኩራት በርቷል። እንዲህ ካያት ብዙ ዘመን ሆኖታል።

«ምነው፣ ምን ፈለግሽ?»

ሁሉም ዞረው አዩዋት። ጆሮዋ ጋለ።

«ለምሳ… ምን ልሥራ ብዬ ነው።»

«ድንች በአይብ፣ የተልባ ዘይቱን አብዢበት!» አለ ሜርቺን፤ ወንዶቹም አጨበጨቡላት።

በማግስቱ ከጸሎት መልስ የመንደሩ ልጆች ቅርጫታቸውን አንጠልጥለው ከበር በር ሲሮጡ ዋሉ። የሚሌንካ ሦስት እንቁላሎችና ዳቦዋ በነጭ ጨርቅ እንደተጠቀለሉ ከጠረጴዛው ጠርዝ ተቀምጠዋል። በመስኮቱ ትይዩ ምሰሶው ላይ ፎቶዋን ነፋሱ ያማታዋል። ሉድሚላ ለሜርቺን ልትነግረው የሄደችውን እስከ ዛሬ አልነገረችውም።