ተግተን እንጸልያለን ያልኩበት እንግሊዝኛ

እኛ ሚዛን ተፈሪ በተማርንበት ዘመን የእንግሊዝኛ ትምህርት የሚሰጠው ዝናቡ ሲፈቅድ ነበር። የክፍላችን ቆርቆሮ ኮርኒስ አልነበረውም፤ ዝናቡ ሲጀምር የመምህሩ አፍ ሲንቀሳቀስ እናያለን እንጂ ድምፁን አንሰማም። ቲቸር ግርማ ግን ተስፋ የሚቆርጥ ሰው አልነበረም። ከቦንጋ ተመድቦ የመጣ፣ የሸሚዙን ቁልፎች እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ወጣት ነው። ዝናቡ ሲያሸንፈው ጠመኔውን አንስቶ ሰሌዳው ላይ ይጽፋል፤ እኛም የቡና አበባ ሽታ በመስኮት እየገባ፣ የረጠበ ሹራባችን ላያችን ላይ እየደረቀ እንገለብጣለን።

ስድስተኛ ክፍል ሳለን አንድ ቀን ዝናቡ ጋብ ሲል ተውሳከ ግስን ባጭሩ ጨረሰልን። ቅጽሉን ውሰዱ፣ መጨረሻው ላይ «ሊ» ጨምሩ፣ አለቀ። ስሎው ስሎውሊ ይሆናል፣ ክዊክም ክዊክሊ። እንግሊዝኛ እንዲህ ቀላል መሆኑን ያወቅነው ያን ቀን ነው። ከዚያ ወዲያ «ሊ» ያልገባችበት ነገር አልቀረም። ሱዚ ስንዘል «ፈጠንሊ በይ» እንባባላለን። ከጅማ በኩል የመጡት ነጋዴ ልጅ፣ ጓደኛዬ ሐያት፣ በአባቷ ሱቅ ስኳር ስትመዝንልኝ «ትንሽሊ ልጨምርልሽ?» ትለኛለች። እናቴ ስትልከኝም «ቶሎሊ እመጣለሁ» እላት ጀመር። ታግሣ ታግሣ አንድ ቀን፣ ይሄ ሊ ሊ ሊ የምትሉት እልልታ የማን ሰርግ ደርሶ ነው አለችኝ።

አባቴ በቤተ ክርስቲያናችን የጸሎት ኅብረት መሪ ነበር። ቤንች ነው፤ አማርኛን የለመደው ካደገ በኋላ ነው። ቡናውን ሲያርምም ሲለቅምም ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ሱሪው ሁልጊዜ ከሌላው ቦታ ቀድሞ ጉልበቱ ላይ ያልቅና እናቴ ስትጥፈው ትኖራለች። ታዲያ ከባሕር ማዶ አንድ ሰባኪ ሊጎበኙን እንደሚመጡ በተነገረ ጊዜ ከሁሉ በላይ የተደሰተው እሱ ነው። እንግዳው ከአዲስ አበባ አስተርጓሚ ይዘው ይመጣሉ፤ ሽማግሌዎቹ ግን የእንኳን ደህና መጡ ንግግሩን ከልጆቻችን አንዱ በእንግሊዝኛ ያድርገው ብለው እኔን መረጡ።

ንግግሬን ጽፌ ለቲቸር ግርማ አሳየሁት። ተግተን እንጸልያለን ለማለት «ዊ ፕሬይ ሃርድ» ብዬ ነበር። አነበበና ፈገግ ብሎ፣ ትምህርቱን ረሳሽው እንዴ አለኝ፤ ከዚያም በቀይ እስክሪብቶ «ሊ» ጨመረልኝ። «ዊ ፕሬይ ሃርድሊ» ሆነ። አፈርኩ፣ ግን ደስም አለኝ፤ «ሃርድሊ» ሲሉት አፍ ይሞላል።

በቀጠሮው እሑድ ጠዋት እንግዳው አልደረሱም። ከቴፒ የመጣ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር፣ መኪናቸው ጭቃ ውስጥ ገብቶ መቅረቱን ነገረን። አባቴ ወዲያው ምእመኑን አንበረከከና መኪናው እስኪወጣ ድረስ ጸሎት ታወጀ። የምሳ ሰዓት አለፈ። ልጆች ተኙ፤ አንጋፋዋ ጸሎተኛችን እማማ አስቴር ድምፃቸው ተዘጋ። በመጨረሻ መኪናው እስከ መስኮቱ ጭቃ ለብሶ ሲደርስ ሕዝቡ በዘለለ ጊዜ የቤቱ ግድግዳ የሚፈርስ መሰለኝ።

ከዚያ እኔ ቆሜ አነበብኩ። እንኳን ደህና መጡ አልኩ፤ ጮክ ብለን እንዘምራለን አልኩ፤ ከሁሉ አስበልጬ ደግሞ፣ አባቴን እያየሁ፣ «ዊ ፕሬይ ሃርድሊ» አልኩ። እንግዳው ቀና ብለው አዩኝ። አስተርጓሚው ጫማው ላይ የነበረውን ጭቃ መጥረጉን ተወ። እኔ በንግግሬ የተነኩ ነው የመሰለኝ።

እንግዳው ተነሥተው ያዘጋጁትን ስብከት አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። አስተርጓሚውም ቃላቸውን እየተቀበለ እንዲህ አለ፤ «ስለ ቅንነታችሁ አመሰግናለሁ። ብዙ ቤተ ክርስቲያን ጎብኝቻለሁ፤ እኛ እምብዛም አንጸልይም ብሎ በግልጽ የነገረኝ ግን የለም።»

ሕዝቡ እርስ በርሱ ተያየ። እንግዳው ግን ቀጠሉ። መዘመሩንስ ጮክ ብላችሁ ትዘምራላችሁ፤ ዝማሬ ያለ ጸሎት ግን ውኃ እንደሌለው ወንዝ ነው አሉ። ጸሎት ከየት እንደሚጀመር፣ ለጀማሪ ጠዋት ጠዋት ጥቂት ደቂቃ እንደሚበቃ፣ እንቅልፍ ቢመጣ ምን እንደሚደረግ በትዕግሥት አስረዱ። ከጠዋት ጀምሮ ተንበርክኮ ጉልበቱ የደነዘዘው ሕዝብ፣ ልማድ ሆኖበት፣ በየመሃሉ «አሜን» ይላል። እማማ አስቴር ብቻ በተዘጋ ድምፃቸው ወደ ጎረቤታቸው ዘንበል ብለው፣ ታዲያ ከጠዋት ጀምሮ ስናደርግ የዋልነው ምን ነበር ብለው ጠየቁ።

አባቴ ቀስ ብሎ ተነሣ። ኮቱን ቆለፈ።

«ወንድሜ፣ ይቅርታ» አለው አስተርጓሚውን። «ተግሣጹን እንቀበላለን። ግን ይሄን ነገር ለእንግዳችን ማን ነገራቸው?»

አስተርጓሚው በአገጩ ወደ እኔ ጠቆመ። አባቴ ዞሮ አየኝ። የተቆጣ ፊት ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ግራ የገባው ፊት ነው።

«ምህረት፣ ምን አልሻቸው?»

«አባባ፣ ተግተን እንጸልያለን ነው ያልኩት» አልኩና እንባዬ መጣ።

አስተርጓሚው ወረቀቴን ተቀብሎ አነበበ። ከንፈሩን ነከሰ፣ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጥ ጀመር። «ሃርድ» ብቻዋን ብትሆን ተግቶ ማለት እንደሆነች፣ «ሊ» ስትጨመርባት ግን ጨርሳ ተገልብጣ እምብዛም ማለት እንደምትሆን በአማርኛ ለሕዝቡ፣ በእንግሊዝኛ ለእንግዳው አስረዳ። እንግዳው መነጽራቸውን አውልቀው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ከዚያ ወርደው የአባቴን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙና ይቅርታ ጠየቁት፤ እንዲጸልይላቸውም ለመኑት።

ይህን ባይሉት ይሻላቸው ነበር። አባቴ ተንበረከከ፣ እንግዳውም አጠገቡ ተንበረከኩ። ለእሳቸው ጸለየ። ለእናታቸው፣ ለጎረቤቶቻቸው፣ ለአገራቸው መንግሥት ጸለየ። መኪናውን ከነጎማው ባረከ፤ የቴፒን መንገድ ጭቃ ገሠጸ። ሲሞቀው አማርኛውን ትቶ በቤንችኛ ቀጠለ፤ አስተርጓሚውም መተርጎሙን አቆመ። እንግዳው ከአንዱ ጉልበት ወደ ሌላው ተዛወሩ፣ ተረከዛቸው ላይ ተቀመጡ፣ በመጨረሻ በእጃቸው መሬቱን ተደገፉ። የተዘጋጀላቸው ቆጮና ሥጋ ቀዘቀዘ። አሜን ሲባል ሁለት ሰው ደግፎ አስነሣቸው፤ አንድ ነገርም አሉ። «ከእንግዲህ አልጠራጠርም ብለዋል» አለ አስተርጓሚው።

ወደ ቤት ስንሄድ አንገቴን ደፍቼ ነበር። አባቴ የሱሪውን ጉልበት አራገፈና፣ «ባትሳሳቺ ኖሮ እኮ ምሳቸውን በልተው ይሄዱ ነበር» አለኝ። ከዚያ መሳቅ ጀመረ፤ እስክንደርስም አላቆመም።

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ወሬው በማግስቱ ጎረቤት ከተማችን አማን ገበያ ደርሶ ተመለሰ። ቲቸር ግርማ ክፍል ሲገባ ሰላምታም አልሰጠን፤ ሰሌዳው ላይ «ሃርድ» እና «ፋስት» ብሎ ጻፈና፣ እነዚህ «ሊ» ሳይጨመርባቸው ተውሳከ ግስ ይሆናሉ አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ምህረት ትክክል ጽፋ ነበር፤ ያበላሸሁት እኔ ነኝ» አለ። በዚያ ዘመን መምህር ለተማሪ ተሳሳትኩ ሲል ሰምተን አናውቅም። ያን ጊዜ ሐያት እጇን አውጥታ በፍጹም ትሕትና፣ «ቲቸር፣ እስካሁን ሃርድሊ ነው ያስተማሩን ማለት ነው?» አለችው። መጀመሪያ የሳቀው እሱ ነው።

አሁን ሚዛንና አማን አንድ ከተማ ሆነዋል። የእህቴ ልጅ እንግሊዝኛዋን ስልኳ ላይ ትጽፋለች፤ ስትሳሳት ስልኩ ቀይ ያሰምርባትና ማንም ሳይሰማ ትታረማለች። ጥሩ ነው፤ ግን ማንም አይስቅም። አባቴ አርጅቷል። ጉልበቱ አልታጠፍ ስላለው ወንበር ላይ ሆኖ ይጸልያል፤ ትንፋሹም ስለሚያጥረው ጸሎቱ ወዲያው ያልቃል። ልጆች ሳለን ገበታው ቀርቦ መቼ ይሆን አሜን የሚለው እያልን በአንድ ዓይናችን እናየው ነበር። ዛሬ እሱ አሜን ካለ በኋላ እኔ ዓይኔን እንደጨፈንኩ ትንሽ እቆያለሁ፤ ምናልባት በጸሎቱ ስሙን ሳይጠራ የረሳው ሰው ኖሮ ይቀጥል እንደሆነ ብዬ።