የሚስስ ሮዛ ጋራዥ በር

ትናንት የጋራዤን በር ለዊንተሩ ብርድ ሳዘጋጅ፣ ከሥሩ የምለጥፈው የአዲሱ ጎማ ሽታ ቶሮንቶ፣ ፓርክዴል ሰፈር ወደነበረው የልጅነት ቤታችን መለሰኝ።

የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ሚስስ ሮዛ የሚባሉ ጣሊያናዊት አሮጊት ቤት ሥር ያለውን ቤዝመንት ተከራይተን ነበር የምንኖረው። አባቴ አዲስ አበባ ኤሌክትሪሺያን ነበር፤ ቶሮንቶ ግን ሬስቶራንት ውስጥ ሳህን ያጥባል።

አንድ ቅዳሜ ሚስስ ሮዛ የገና መብራታቸውን ጋራዡ በር ላይ ሰቅለው ሊሰኩት ሲሉ አባቴ ደረሰ። እንግሊዝኛው ጠፋበትና በአማርኛ፣ «እንዳይሰኩት!» ብሎ ጮኸ። ቃሉ ባይገባቸውም እጃቸው ቆመ።

ገመዱን አሳያቸው። ባለፉት ዓመታት እዚያው ሲሰቀል በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ሲቆነጥጠው ከርሞ ሽቦው ተገልጧል፤ እሳቸው ደግሞ የቆሙት እርጥብ በረዶ ላይ ነው።

አባቴ አሮጌውን ገመድ ጣለው። አዲስ መብራት አምጥቶ በማይንቀሳቀሰው የበሩ ክፈፍ ዙሪያ ሰቀለ። ብርድ እንዳይገባም ከሥር የተበጣጠሰውን ጎማ ቀየረላቸው።

መብራቱ ሲበራ ሚስስ ሮዛ ጎረቤታቸውን ጠርተው፣ «ይሄ የኔ ኤሌክትሪሺያን ነው!» አሏት።

አባቴ ቤዝመንት ወርዶ እጁን እየታጠበ፣ «ዛሬ ገና ካናዳ ገባሁ» አለ።

«አባዬ፣ ከመጣን ሁለት ዓመታችን አይደል እንዴ?» አልኩት። ሳቀና ግንባሬን ሳመኝ።

በጥር ሚስስ ሮዛ በመኪናቸው ወስደው ለሙያ ፈቃድ ፈተና አስመዘገቡት። አለፈ፤ ጡረታ እስኪወጣም በሙያው ሠራ።

እሳቸው ካረፉ ቆይተዋል። አባቴ ግን ዛሬም ሲጸልይ፣ የሞቱበትን ሰዎች ሲያስብ፣ ከእናቱ ስም ቀጥሎ «ሮዛ» ይላል።