ለምራቂ ያቀረብኳት ጃርት

ነገሩ የሆነው ባለፈው ክረምት ጎፋ ውስጥ፣ እኛ ካርታ ተጫዋቾች ቅዳሜ ከሰዓት በምንሰበሰብበት ጁስ ቤት ነው። ሰው በራሱ ላይ እንዲህ ሲፈርድ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ስለሆነ አልረሳውም።

ካርታ ስል የቁማሩ እንዳይመስላችሁ። የእኛዎቹ ላይ አውሬና ጭራቅ ተስሎባቸዋል፤ የእያንዳንዱ ፍጡር ጉልበት በቁጥር፣ ጠባዩ ደግሞ በደቃቅ ጽሑፍ ሰፍሯል። እንሰበስባቸዋለን፣ እንለዋወጣቸዋለን፣ እናጋጥማቸዋለን። እናቴ "ይሄን ሁሉ ዕድሜ ይዘሽ በሥዕል ትጫወቻለሽ?" ትለኛለች። የእኔ ሕመም ግን ሌላ ነበር። በየውድድሩ መጀመሪያ ዙር ላይ እወድቃለሁ። ጓደኞቼ "አንቺ የምትመጪው ለአቮካዶው ነው" እያሉ ይስቁብኛል። ያን ቀን አንድ ዙር እንኳ ማለፍ በጣም አምሮኝ ነበር።

ውድድሩ ሳይጀመር፣ ጀማል የሚባል ከላፍቶ የመጣ አዲስ ተጫዋች ዘንዶ ይዞ አየሁ። ጉልበቱ ሰባት! ዓይኔ እዚያው ቀረ። በሁለት ጥሩ ካርታዎች ለውጠኝ አልኩት። ሲያመነታ ጊዜ፣ ልክ እንደ ሽንኩርት ነጋዴ፣ ከክምሬ ሥር አንዲት ጃርት መዝዤ "ይቺን ደግሞ ምራቂ ልጨምርልህ" አልኩት። የጃርቷ ጉልበት አንድ ነው። አንድም ቀን ተጫውቼባት አላውቅም።

ጀማል ጃርቷን ወደ መስኮቱ ወስዶ ደቃቁን ጽሑፍ አነበበ።

"እህቴ፣ ይቺን እንዴት ለምራቂ ትሰጫለሽ?"

"ምን ትሠራለች? በአንድ ምት ነው የምትሞተው።"

"ትሙታ! ማንን ይዛ እንደምትሞት አንብቢ እስቲ።"

አነበብኩ። ጃርቷን የገጠመ ፍጡር፣ የፈለገ ጉልበት ቢኖረው፣ አብሯት ይሞታል።

ከዚያ ዘንዶውን ከጎኗ አስቀምጦ ያስረዳኝ ጀመር። ፍጡር ሲመዘን መጀመሪያ የሚታየው መቼ እንደሚወጣ ነው አለኝ። ዘንዶው የሚወጣው ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ነው፤ ጃርቷ ግን ገና ሲጀመር ትደርሳለች። ቀጥሎ የሚታየው ባላጋራ እሷን ለማጥፋት ምን እንደሚያጣ ነው። "ዘንዶዬን ባንቺ ጃርት ላይ ልልክ? አለቀልኛ!" ብሎ ሳቀ።

ዝም ብሎ ቢወስዳት እኮ አመስግኜው ነበር የምሄደው። እሱ ግን "በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል" ብሎ ጃርቷን መለሰልኝ። ልውውጡም ቀረ።

ዕጣ ሲወጣ መጀመሪያ ዙር የደረሰኝ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ራሱ ጀማል!

ልጨርሰው ትንሽ ሲቀረኝ ዘንዶውን አወጣ። ካላጠቃኝ መሸነፉ ስለነበር ጃርቷን እያየ ላከው። ከፊቱ አቆምኳት፤ ሁለቱም ሞቱ። ወዲያው አሸነፍኩ።

ይከፋዋል ብዬ ስጠብቅ ብድግ ብሎ "አላልኳትም? ይቺን ጃርት አላልኳትም?" እያለ ለጁስ ቤቱ ሁሉ ጮኸ። የተሸነፈው እሱ፣ ከሁሉ በላይ ደስ ያለው እሱ።

በሁለተኛው ዙር ወደቅኩ፤ ምንም አልመሰለኝም። ዛሬም ያን ፊቱን ሳስበው ደስ ይለኛል፣ እኔ ብሆን አደርገው ነበር ወይ ብዬም እጠይቃለሁ። በቅርቡ ጃርቷን በስጦታ ልሰጠው ብሞክር እጁን ሰበሰበ።

"በነጻማ አልወስድም" አለኝ። "ዘንዶውን ልስጥሽ፤ ምራቂ ምን ልጨምርልሽ?"